ሁለት የእርሳስ ነጥቦች

መጽሐፍ ላይ የሚጽፍ ሰው አልወድም። ጉርድ ሾላ አጠገብ በነበረው የቀበሌያችን ማንበቢያ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ግማሹን ያሳለፍኩት ላጲስ ይዤ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንዱ ከባለታሪኩ ስም አጠገብ «ጅል» ብሎ ይጽፋል። ሌላው የስልክ ቁጥር ያሰፍራል። ሲጠየቁ ሁሉም «ድሮም እንደዚህ ነበር፣ ጋሽ ገረመው» ይላሉ። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «መጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1981 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ሕጌን በገዛ እጄ አፍርሻለሁ። ያፈረስኩት ለትርሓስ ብዬ ነውና ስለ እሷ ልንገራችሁ።

ትርሓስ ሹራብ ሠሪ ነበረች። ባሏ ከእንደርታ ይዟት መጥቶ፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ ሲጭን ሲያወርድ ኖሮ፣ ገብረኣብ የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ትቶላት ሞተ። ልጁን ያሳደገችው በመርፌና በክር ነው። የሰፈራችን ተማሪ የሚለብሰው ሰማያዊ ሹራብ ሁሉ ከእሷ እጅ የወጣ ነበር። ፊደል የቆጠረችው ትልቅ ሰው ሆና፣ በ1972 በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያስተማራት ያኔ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ብርሃኑ ሲሆን እሱም በኋላ የአማርኛ መምህር ሆነ። ብርሃኑ ጨዋ ልጅ ነው፤ ችግሩ ትክክል የሆነ ነገር ካወቀ ሳይናገረው ማደር አለመቻሉ ብቻ ነው።

የምስክር ወረቀቷን በተቀበለች በሳምንቱ ወደ እኔ መጣች። «የሚነበብ አለ?» አለችኝ፣ ሱቅ ገብታ ስኳር እንደምትጠይቅ ሁሉ። ልቦለድ ይከብዳታል ብዬ ስለ ዶሮ ርባታ የሚያትት ቀጭን መጽሐፍ ሰጠኋት። በአራተኛው ቀን መለሰችው።

እዚህ ላይ ስለ አስተያየት መዝገቡ መናገር አለብኝ። ከቀበሌያችን በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት በመጣ መመሪያ መሠረት፣ መጽሐፍ የተዋሰ ሰው ሁሉ ሲመልስ ምን እንደቀሰመ በአንድ ትልቅ መዝገብ ላይ መጻፍ ነበረበት። ሕዝቡ ግን ብልጥ ነው። ሁሉም የሚጽፈው አንድ ነገር ነው፦ «ጥሩ መጽሐፍ ነው። ብዙ ትምህርት አግኝቼበታለሁ።» መጽሐፉን ከፍቶ ያላየውም ይህንኑ ይጽፋል። ስለዚህ ለትርሓስ መዝገቡን ስሰጣት ከዚህ የተለየ አልጠበቅኩም። እሷ ምላሷን በከንፈሯ ጫፍ ይዛ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየቀረጸች፣ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ደራሲው ስለ ዶሮ ያውቃል። ስለ ጎረቤት አያውቅም። ሠላሳ ዶሮ ያለ አጥር ልቀቁ ይላል። የእሱ ጎረቤት ጎመን አይተክልም ማለት ነው።»

ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገቡን የማነበው የእሷን ጽሑፍ ፍለጋ ነበር። ከሞስኮ በርካሽ ይመጡ ከነበሩት ልቦለዶች አንዱን አንብባ፦ «ሰዎቹ ደጎች ናቸው። አንዱን ሰው ግን በሦስት ስም ይጠሩታል፤ እኔ ሦስት ሰዎች መስለውኝ አንደኛው የት ጠፋ እያልኩ ስጨነቅ ነበር። ትራክተሩ ተጠግኖ ሲነሣ ደስ ብሎኛል።» ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ አንብባ፦ «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሞቱት ነገሥታት ብቻ ናቸው። አብሯቸው የዘመተው ሰው የት ደረሰ?» ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና የሚመክረውን አንብባ ደግሞ፦ «ሁሉም እውነት ነው። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ ይላል። ሳሙናው የት እንደሚገኝ ቢጨምርበት የበለጠ ይጠቅም ነበር።»

ሳሙና ከገበያ የጠፋበት ሰሞን ስለነበር ይህ የመጨረሻው አስደነገጠኝ።

«ይህን ሰርዢው፣ ትርሓስ፤ መዝገቡ ከፍተኛ ድረስ ይሄዳል» አልኳት።

«እንዴ ጋሽ ገረመው፣ እዚህ ቤት መሰረዝ ክልክል ነው ሲሉ አልነበረም?» አለችኝና መርፌዎቿን ሰብስባ ወጣች። ገጹ ላይ ቀለም የደፋሁት እኔ ነኝ። ለሚጠይቀኝም ብልቃጡ ተገልብጦ ነው አልኩ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ስለ አንድ የፍቅር ልቦለድ የጻፈችውን ነው። በዚያ ልቦለድ ውስጥ ጐረምሳው ለወዳጁ ዐሥራ አንድ ገጽ የሚፈጅ ደብዳቤ ይጽፋል። ትርሓስ፦ «ዐሥራ አንድ ገጽ ደብዳቤ የሚጽፍ ወንድ ሥራ የለውም ማለት ነው። ልጅቷ ይህን አይታ መሸሽ ነበረባት» አለች። ያን ጊዜ ገብረኣብ አጠገቧ ነበር። ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱ የመለሰችውን መጽሐፍ ተከትሎ የሚዋስ ልጅ ነበር፤ «እማዬ ከጠላችው ጥሩ መሆን አለበት» ይለኝ ነበር።

በ1978 ገብረኣብ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራና ወደ ሰሜን ሄደ። ከመሄዱ በፊት አንዲት ትንሽ ራዲዮ ገዝቶላት ነበር። በየወሩ አንድ ገጽ ይጽፍላታል። ትርሓስ እንደ ሌሎቹ እናቶች ደብዳቤ የሚያነብላት ሰው ፍለጋ ደጅ አትጠናም፤ ራሷ አንብባ፣ ራሷ መልስ ጽፋ፣ ፖስታውን ራሷ ትዘጋለች። በዚህ የምትኮራውን ያህል በሌላ ነገር ስትኮራ አላየሁም። ከየካቲት 1980 በኋላ ግን ደብዳቤው ቀረ። መጋቢት ላይ በሰሜን ትልቅ ውጊያ እንደነበረና ብዙ ሰው እንደጠፋ በሹክሹክታ ተሰማ። በይፋ የተነገረ ነገር የለም። እሷም አልጠየቀችም፤ መጠየቅ ራሱ የሚያስጠይቅበት ዘመን ነበር።

ግንቦት ላይ መጥታ መዝገቡን ጠየቀችኝ። የዱሮውን ገጽ ፈልጋ አገኘችና ከታቹ ጻፈች፦ «ስለዚህ መጽሐፍ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። ዐሥራ አንድ ገጽ ብዙ አይደለም።» እኔ ዕቃ የምፈልግ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

በዚያ ዘመን ከወዲያ በኩል፣ መንግሥትን ከሚወጉት ተዋጊዎች፣ የሚተላለፍ ራዲዮ ነበር። የተማረኩ ወታደሮችን እያቀረበ ስማቸውን ከነአባታቸው ያስነግራቸዋል ይባላል። ያንን ጣቢያ ሲያዳምጥ የተገኘ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም «አዳመጥኩ» አይልም፣ «ይባላል» ይላል። ዝም አይነቅዝም።

ጥቅምት 1981 ላይ መምህር ብርሃኑ የቅዳሜ ከሰዓት የመጽሐፍ ውይይት አቋቋመ። አምስት ስድስት ሰው እንሆናለን፤ አውሮፕላን ለማረፍ ጣሪያችን ላይ ባለፈ ቁጥር ንግግራችንን አቋርጠን እንጠብቃለን። ትርሓስ ጥግ ላይ ሹራቧን እየሠራች ትሰማለች። ለመጀመሪያው ወር የተመረጠው አንድ አዲስ ልቦለድ ነበር። የአንዲት ባልቴት ልጅ ለማሽላ አጨዳ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ይቀራል። እናትየዋ በየማለዳው ወንዙ ዳር እየወረደች ስሙን ትጠራለች። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በሄደ በስምንተኛ ወሩ፣ እንዲህ ይላል፦ «እናትየዋ ሦስተኛ ጊዜ ተጣራች። ጭጋጉ ወንዙን ሸፍኖታል። ይሰማል።» በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

ትርሓስ ከማንም ቀድማ ተናገረች። «በዚህ ዓመት ካነበብኩት ሁሉ ይሄ ይበልጣል» አለች። «ደራሲው መጨረሻውን አሳመረው። ልጁ ማዶ ሆኖ ይሰማል። ጭጋጉ ሲገለጥ ይመጣል።»

ብርሃኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ትርሓስ፣ ቃሉ ላልቶ አይደለም የሚነበበው። ጠብቆ ነው።»

«ጠብቆ ማለት?»

«ላልቶ ሲነበብ ‹ልጁ ይሰማል› ማለት ነው፤ እርስዎ እንዳሉት። ጠብቆ ሲነበብ ግን የሚሰማው የእናትየዋ ድምፅ ነው። ‹ድምጿ ይሰማል›። ድምጿ ብቻ። መልስ የለም። ልጁም የለም። ሐዘኑ ያለው እዚያ ላይ ነው።»

ትርሓስ መርፌዋን አቆመች። «በእኛ በትግርኛ ‹ይሰምዕ› ሌላ፣ ‹ይስማዕ› ሌላ ነው። ፊደሉ ራሱ ይናገራል። የእናንተ ግን አንድ ዓይነት ተጽፎ አንዱ ያኖራል፣ አንዱ ይገድላል?» ከዚያ ብርሃኑን ትክ ብላ አየችው። «ፊደል ስታስቆጥረኝ ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ በዚያው ይበርድ ነበር። እኔ ግን ክርክር ሲረዝም አይሆንልኝም፤ በዚያ ላይ ሰዓት ደርሶ በሩን መዝጋት ፈልጌያለሁ። «ይሄ ምን ያከራክራል?» አልኩ። «ስምንት ወር ሙሉ ወሬው የጠፋ ልጅ ሞቷል ማለት ነው። አልቀበል ያለችው እናትየዋ ናት።»

ከአፌ እንደወጣ ቆጠርኩት። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት… ጥቅምት ስምንተኛው ነበር። አውሮፕላን አልፎ ቢሸፍነኝ ብዬ ተመኘሁ፤ አላለፈም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ትርሓስ አልተቆጣችም። ሹራቡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። «ክር ሲጠብቅ ሹራቡ አንገት አያስገባም» አለች ቀስ ብላ። «አንገት የማያስገባ ሹራብ ምን ይሠራል? ይላላ።» ዕቃዋን ሰብስባ ደህና ዋሉ ብላን ሄደች።

ብርሃኑም እንደ ልማዱ ትክክለኛውን ነገር ሳይሠራ መሄድ አልሆነለትም። ከኪሱ እርሳስ አወጣና «ለሚቀጥለው አንባቢ ግራ እንዳይገባው» ብሎ በመጨረሻው ቃል ላይ ሁለት የጥብቀት ነጥብ አደረገ፤ አንዱን በ«ሰ» አናት ላይ፣ አንዱን በ«ማ» አናት ላይ። ክፋት አልነበረውም። ስለ ገብረኣብ ደብዳቤ መቅረት ገና አልሰማም ነበር።

ሁሉም ከወጡ በኋላ በሩን ዘጋሁና ላጲሴን አወጣሁ። ሁለት ነጥብ ለማጥፋት ያን ያህል ሰዓት የፈጀብኝ ጊዜ የለም። ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ፈተግሁት። ደንብ አስከባሪ ነኝ ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን አፍሬ ነበር፣ በጣም አፍሬ ነበር።

ሰኞ መጥታ መጽሐፉን ተዋሰች። ቆማ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች፣ ወደ መስኮቱም አዙራ አየችው። የሹራብ ሠሪ ዓይን የተፈታ ቦታ አይስትም።

«እዚህ ጋ የተፋቀ ነገር አለ» አለች።

«መጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል ነው። መምህርም ቢሆን።»

«ላጲስዎ ጎበዝ ነው» አለችኝ። መዝገቡ ላይ ሁለት ቃል ብቻ አሰፈረች፦ «ላልቶ ይነበብ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብርሃኑ ነጥቦቹ መጥፋታቸውን አየ። እኔም ስለ ገብረኣብ ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ያን ቀን እኔም ላልቶ ሊነበብ እንደሚችል መናገር ነበረብኝ። ይቻላል እኮ፤ ሰዋስዉም አይከለክልም» አለ። እንዲህ እንዲነግራት መከርኩት፤ ሄዶም ነገራት። እሷ ግን «ለእኔ ብለህ አታላላው፣ ልጄ። ካላመንክበት ተወው» አለችው አሉ። እንዲህ ናት። ማጽናኛ እንኳ ሲሰጧት መጀመሪያ ስፌቱን ታያለች።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ከእሷ እጅ አልወጣም ማለት ይቻላል። በየዐሥራ አምስት ቀኑ ትመልሳለች፣ ወዲያው ደግማ ትዋሳለች። ሌሎች ሲጠይቁኝ «ጥገና ላይ ነው» እላለሁ። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። አንድ ቀን ክርኑ የተቀደደ ሹራቤን ስትጠግንልኝ «ጋሽ ገረመው፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እርስዎ ጠብቆ ነው የሚያነቡት፣ አይደል?» አለችኝ። መዋሸት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። «እኔ አስተያየት የለኝም፤ የእኔ ሥራ መደርደሪያ ማስተካከል ነው» አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች። መልሱን አግኝታለች።

ጥምቀት ባለፈ በማግስቱ፣ ጠዋት፣ ቤቱን እንደከፈትኩ መጣች። ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ፣ እንደ ልማዱ ጋዜጣውን ዘርግቶ ተቀምጧል። ትርሓስ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ይዛለች። ዓይኗ እንቅልፍ ያላየ ዓይን ነው፤ ቀልቷል፣ አብጧል። ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«ጋሽ ገረመው፣ ስለዚህ መጽሐፍ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ።»

«እንዴት?»

«ጠብቆ ነው የሚነበበው።»

መርዶ የነገሯት መሰለኝ። ኃላፊው ፊት ምን ልበላት? ወንበር ልስብላት ስነሣ በእጇ ተቀመጡ የሚል ምልክት ሰጠችኝ። ድምጿ አይንቀጠቀጥም። ቅዳሜ ከሰዓት እንደምትናገረው ሁሉ ረጋ ብላ ቀጠለች።

«ሁላችንም ተሳስተን ነበር፤ እኔም፣ መምህሩም፣ እርስዎም። ይሰማል ሲል የእናትየዋ ድምፅ መሰለን። የእሷ አይደለም። የሚሰማው የልጁ ነው። ከማዶ ነው የሚሰማው። ስሙን ከነአባቱ ይናገራል።» የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለች። «ትንሽ ጉንፋን ይዞታል። ሌላ ምንም አልሆነ።»

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጉንፋን የሚያወራ ቦታ የለም። ያቺ ገብረኣብ የገዛላት ትንሽ ራዲዮ ትዝ አለችኝ። ገባኝ። ፊቴን የት እንደምደብቀው ጠፋኝ።

ኃላፊው ከጋዜጣው ቀና አለ። «የቱ መጽሐፍ ነው እሱ?»

«ልቦለድ ነው፤ ስለ ወንዝ» አልኩት። «ወይዘሮ ትርሓስ መጨረሻውን አሁን ነው የተረዳችው።»

«ጥሩ ነው፣ ማንበብ ጥሩ ነው» አለና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

መዝገቡን ገፋሁላት። አልነካችውም። መጽሐፉን መጨረሻው ገጽ ላይ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ በቀይ ቀለም የጻፍኩትን ማስታወቂያ አንድ ጊዜ፣ እኔን አንድ ጊዜ አየች። እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ አወረድኩ፣ በምላጭ ቀረጽኩት፣ ሰጠኋት። ትርሓስ ምላሷን በከንፈሯ ጫፍ ይዛ፣ ወረቀቱ በሳሳበት ቦታ ላይ፣ እንዳይቀደድ እየተጠነቀቀች፣ አንዱን ነጥብ በ«ሰ» አናት ላይ፣ ሌላውን በ«ማ» አናት ላይ አኖረች።

እርሳሴን መለሰችልኝ። እኔም ላጲሱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት።